የአንድ ቁጥር መነሻ፦ የኖርማል ሄክሴን የሥራ ቦታ ተጋላጭነት ገደቦችና አነባበባቸው

መግቢያ

የሥራ ቦታ ጤናን የሚመለከቱ ብዙ ጥናቶች በአንድ ዓረፍተ ነገር ይደመደማሉ፤ ይኸውም «የተለካው መጠን ከተፈቀደው ገደብ በታች ነው» ወይም «በላይ ነው» የሚል ነው። ዓረፍተ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን «የተፈቀደው ገደብ» የተባለውን ቁጥር ማን፣ መቼ፣ በምን ማስረጃና በምን ሥርዓት እንደወሰነው ካልተጠየቀ፣ መደምደሚያው ስለ ሠራተኛው ጤና የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ ነጥቡን በአንድ የኢንዱስትሪ አሟሚ ፈሳሽ፣ በኖርማል ሄክሴን፣ አማካይነት ለማብራራት ይሞክራል። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። የዚህ አሟሚ ገደብ እንደ አውጪው አካል 500፣ 50 ወይም 20 ሆኖ ይገኛል፤ ትልቁ የትንሹ ሃያ አምስት እጥፍ ነው። በአንጻሩ ፈሳሹ በሰው ላይ ጉዳት የሚያደርስበት መንገድ በሚገባ ከተጠኑት አንዱ ነው። ስለሆነም የልዩነቱን ምክንያት በሳይንስ ውስጥ ብቻ መፈለግ አይበቃም።

በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በስተቀር በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። «ፒፒኤም» የሚለው መለኪያም ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍሎች ውስጥ ተኑ የያዘውን የክፍሎች ብዛት ያመለክታል።

1. ፈሳሹና የሚያደርሰው ጉዳት

ኖርማል ሄክሴን ስድስት የካርቦን አተሞች በቀጥታ ሰንሰለት የተያያዙበት፣ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚገኝ ቀለም አልባ ፈሳሽ ነው። በ69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፤ በተራ የክፍል ሙቀትም ፈጥኖ ይተናል። ተኑ ከአየር ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ አየር በማይዘዋወርበት ክፍል ወደ ወለሉ ያዘነብላል። ቅባትንና ጎማን በቀላሉ ስለሚያሟሟ ከቅባት እህሎች ዘይት ለማውጣት፣ ለጫማና ለቆዳ ሥራ ማጣበቂያ፣ እንዲሁም ለማሽንና ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ማጽጃ ያገለግላል። በገበያ ላይ «ሄክሴን» ተብሎ የሚሸጠው ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ድብልቅ ነው፤ የኖርማል ሄክሴን ድርሻው ከ20 እስከ 80 በመቶ ሊደርስ ሲችል፣ ቀሪው በአብዛኛው ቅርንጫፍ ያላቸው ኢሶመሮች ነው።

ጉዳቱን የሚያደርሰው በዋነኛነት ፈሳሹ ራሱ ሳይሆን ሰውነት ከእርሱ የሚሠራው ውጤት ነው። በሳንባ የገባው ሄክሴን በጉበት ኢንዛይሞች ደረጃ በደረጃ ኦክሲጅን እየተጨመረበት 2፣5-ሄክሴንዳዮን ወደሚባል ውህድ ይለወጣል። ይህ ውህድ በነርቭ ክሮች ውስጥ ከሚገኙ ፕሮቲኖች፣ በተለይም ከኒውሮፊላመንቶች፣ ጋር ተጣብቆ እርስ በርስ ያቆላልፋቸዋል። ፕሮቲኖቹ በረጅሙ ክር ውስጥ እንደ ወትሮው መጓዝ ሲሳናቸው ክሩ ያብጣል፤ ከዚያም ከጫፉ ጀምሮ ይጎዳል። በመሆኑም በመጀመሪያ የሚጎዱት ረጅሞቹ ነርቮች ናቸው፤ ሕመሙም በእግርና በእጅ ጣቶች መደንዘዝ ይጀምራል። ተጋላጭነቱ ከቀጠለ ድንዛዜው ወደ ላይ ይዘልቃል፤ ጡንቻ ይሰልላል፤ በሽተኛው ደረጃ መውጣትና ዕቃ አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል።

ሕመሙ ለሐኪሙም ሆነ ለተመራማሪው ፈታኝ የሆኑ ሁለት ጠባዮች አሉት። አንደኛ፣ አጀማመሩ ቀስ ያለ ስለሆነ ድካም ወይም የስኳር ሕመም ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሠራተኛው ከአሟሚው ከራቀ በኋላም ለጥቂት ወራት ሊባባስ ይችላል። ማገገም ከአንድ ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ክፉኛ በተጎዱት ዘንድም ሙሉ ላይሆን ይችላል።

2. ከቤንዝን ወደ ሄክሴን

የሄክሴን ታሪክ ያለ ቤንዝን ታሪክ አይገባም። እዚህ ላይ ቤንዝን የተባለው በተሽከርካሪ ነዳጅነት የምናውቀው ቤንዚን ሳይሆን፣ ስድስት ካርቦኖች በቀለበት የተያያዙበት አሟሚ ነው። ቤንዝን መቅኔን እንደሚጎዳ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ሲዘገብ ቆይቷል። ከደም ካንሰር ጋር ያለውን ግንኙነት በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በጫማ ሠራተኞች ላይ ነው። የቱርኩ ሐኪም ሙዛፈር አክሶይ እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ሥራ፣ ቤንዝን ባለበት ማጣበቂያ ከሚሠሩ የኢስታንቡል ጫማ ሠራተኞች መካከል 26 የደም ካንሰር በሽተኞች መገኘታቸውን አሳውቀዋል።

ጃፓን ችግሩ የገጠማት ቀደም ብሎ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ በየቤታቸው ሰንደል ጫማ በሚያጣብቁ ሠራተኞች ላይ የቤንዝን መመረዝ ታየ፤ በ1959 ቤንዝን ያለበት የጎማ ማጣበቂያ ተከለከለ። የማጣበቂያ አምራቾች ምትክ ሲፈልጉ ሄክሴን ተገኘ። ሄክሴን መቅኔን አይጎዳም፤ በፍጥነት ይተናል፤ በጊዜውም ከፍተኛ መርዛማነት አይታሰብበትም ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ግን በዚያው የሥራ ዘርፍ ሌላ ሕመም ታየ። ያማሙራ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጥናት ከ1,662 የሰንደል ሠራተኞች መካከል 93 የነርቭ ሕመም ያለባቸው ተገኝተዋል። በሥራ ክፍሎቹ የተለካው የሄክሴን ተን ከ500 እስከ 2,500 ፒፒኤም ይደርስ ነበር። ይህ ቁጥር በኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢው ልብ ይበለው።

ተመሳሳይ ሂደት በኋላም ተደግሟል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2000 የመኪና ጥገና ሠራተኞች በነርቭ ሕመም ተይዘው ሲመረመሩ፣ ሄክሴን ያለበት የፍሬን ማጽጃ ይጠቀሙ እንደነበር ታወቀ፤ ይህ ዓይነቱ ማጽጃ ክሎሪን ያለባቸውን አሟሚዎች የተካ ነበር። በቻይና ሱጆ ከተማ ደግሞ የስልክ መስታወት ለማጽዳት በአልኮል ፈንታ ሄክሴን ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ 137 ሠራተኞች መጎዳታቸው እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ ታምኗል። በሁሉም ታሪኮች ውስጥ የተለወጠው ፈሳሹ ነው፤ የአየር መዘዋወሩና የአሠራሩ ሁኔታ ግን እንደነበረ ቀርቷል።

3. ገደብ ምን ይለካል?

የተጋላጭነት ገደብ በአብዛኛው የሚገለጸው በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን አማካይ ነው። አማካዩ የሚሰላው እያንዳንዱን የተን መጠን በቆየበት ሰዓት አባዝቶ፣ ድምሩን ለስምንት በማካፈል ነው። ለማስረዳት ያህል አንድ ሠራተኛ ለሁለት ሰዓት በ150፣ ለአራት ሰዓት በ40፣ ለሁለት ሰዓት በ10 ፒፒኤም ውስጥ ቢቆይ፣ ድምሩ 480 ይሆናል፤ አማካዩም 60 ፒፒኤም ነው።

ይህ 60 ፒፒኤም ሕጋዊ ነውን? መልሱ እንደ አገሩ ይለያያል። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ መሠረት ከገደቡ አንድ ስምንተኛ እንኳ አይሞላም። በዚያው አገር የሙያ ማኅበር ምክር መሠረት ከገደቡ በላይ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አመላካች ገደብ መሠረት ደግሞ ሦስት እጥፍ ነው። የሠራተኛው ነርቭ ግን በሦስቱም ቦታ አንድ ነው።

ቁጥሮቹ በተግባር ምን ያህል እንደሆኑ ለመገመት ደግሞ ርዝመቱ 5፣ ወርዱ 4፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ዝግ ክፍል እናስብ። በባሕር ጠለል የአየር ግፊትና በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የዚህን ክፍል አየር 50 ፒፒኤም ለማድረስ 16 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል ኖርማል ሄክሴን መትነኑ ይበቃል። 20 ፒፒኤም ለመድረስ አንድ የሻይ ማንኪያ ከጥቂት ጭማሪ ጋር በቂ ነው። አፍንጫም አስተማማኝ ጠባቂ አይደለም፤ በማጣቀሻዎች ከሚጠቀሱት የሄክሴን የማሽተት መነሻ መጠኖች አንዱ 130 ፒፒኤም ነው፤ ሽታውን የለመደ ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ ሆኖ ላይሰማው ይችላል።

4. ሦስት ቁጥሮች፣ ሦስት ሥርዓቶች

500 ፒፒኤም። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ሕግ በ1970 ሲወጣ፣ አዲስ የተቋቋመው አስተዳደር ሥራውን በፍጥነት እንዲጀምር ነባር ደረጃዎችን እንዲቀበል ተፈቀደለት። በመሆኑም የመንግሥት ኢንዱስትሪ ሃይጂን ባለሙያዎች ጉባኤ የተባለው የሙያ ማኅበር በ1968 ያወጣውን ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1971 ሕግ አደረገው። በዚያ ዝርዝር የሄክሴን ገደብ 500 ነበር። ዝርዝሩ የወጣው የጃፓኑ ጥናት ከመታተሙ አንድ ዓመት ቀድሞ እንደሆነ ልብ ይሏል። የሕጉ ጣሪያ የጃፓን ሰንደል ሠራተኞች በታመሙባቸው ክፍሎች ከተለካው ዝቅተኛ መጠን ጋር እኩል ነው።

50 ፒፒኤም። የሙያ ማኅበሩ ዝርዝሩን በየዓመቱ ስለሚከልስ አዲሱን ማስረጃ ተቀብሎ ቁጥሩን ወደ 50 አወረደ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋምም የሚመክረው 50 ነው። እነዚህ ግን ምክር እንጂ ሕግ አይደሉም። የመንግሥት አስተዳደሩ እ.ኤ.አ. በ1989 የብዙ መቶ ኬሚካሎችን ገደብ በአንድ ደንብ ለማሻሻል ሲነሳ፣ የሄክሴንንም ወደ 50 አውርዶ ነበር። ደንቡን አሠሪዎችም የሠራተኛ ማኅበራትም፣ በተለያየ ምክንያት፣ ተቃወሙት። እ.ኤ.አ. በ1992 የአሥራ አንደኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ደንቡን በሙሉ ሻረው። ምክንያቱም አስተዳደሩ ለእያንዳንዱ ኬሚካል ለይቶ ነባሩ ተጋላጭነት ከፍተኛ አደጋ እንዳለውና አዲሱ ገደብ በኢንዱስትሪው ሊፈጸም እንደሚችል አላሳየም የሚል ነው። የዚህ መስፈርት ሥር ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1980 የቤንዝን ገደብን በሚመለከት የሰጠው ውሳኔ ነው። ስለዚህ 500 ተመልሶ ጸና። ፍርድ ቤቱ 500 ፒፒኤም ጤናማ ነው አላለም፤ የሻረው የማሻሻያውን ሥርዓት ነው። አስተዳደሩ ራሱ ብዙዎቹ ገደቦቹ ጊዜ ያለፈባቸው መሆናቸውን በይፋ ያምናል፤ ከ2013 ጀምሮም የራሱን ቁጥሮች ከሌሎቹ ጎን ለጎን በሠንጠረዥ ያቀርባል።

20 ፒፒኤም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ 20 ፒፒኤም፣ ወይም በሜትር ኩብ 72 ሚሊግራም፣ አመላካች ገደብ አድርጎ አስቀምጧል። አባል አገሮች ይህን ከግምት አስገብተው የየራሳቸውን ገደብ ማውጣት አለባቸው። ለጥንቃቄው መነሻ የሚሆን ማስረጃም አለ። ሳናጊ እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት የጃፓን ጥናት፣ አማካዩ 58 ፒፒኤም ለሆነ ሄክሴን ከአሴቶን ጋር የተጋለጡ 14 ሠራተኞች ግልጽ ሕመም ባይታይባቸውም የነርቮቻቸው የመልእክት ፍጥነት ካልተጋለጡት ቀንሶ ተገኝቷል። እንግዲህ ከላይ በምሳሌ ያሰላነው 60 ፒፒኤም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነው።

ከዚህ ንጽጽር የምንረዳው ሦስቱ ቁጥሮች ለአንድ ጥያቄ የተሰጡ ሦስት ግምቶች አለመሆናቸውን ነው። አንደኛው በችኮላ የተወረሰና በፍርድ ሂደት የተቆለፈ ነው፤ ሁለተኛው ከማስረጃ ጋር የሚንቀሳቀስ ነገር ግን አስገዳጅ ያልሆነ ነው፤ ሦስተኛው አገሮች እንዲከተሉት የተሰጠ አቅጣጫ ነው።

5. ቁጥሩ የማይነግረን

ትክክለኛው ቁጥር ቢመረጥ እንኳ አነባበቡ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በመጀመሪያ፣ ገደቦቹ በአብዛኛው የሚያስቡት በቀን ስምንት፣ በሳምንት አርባ ሰዓት የሚሠራ ሰውን ነው። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት እስከ 48 ነው። የሥራ ሰዓት ሲረዝም የተጋላጭነት ጊዜ ይጨምራል፤ ሰውነት የሚያገግምበት ጊዜ ደግሞ ይቀንሳል። ብሪፍና ስካላ የተባሉት ባለሙያዎች ባቀረቡት የታወቀ ቀመር ሲሰላ፣ 50 የነበረው ገደብ ለ48 ሰዓት ሳምንት ወደ 39፣ በቀን 12 ሰዓት ለሚሠራ ደግሞ ወደ 25 ፒፒኤም ይወርዳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ድብልቅ ነው። ማጣበቂያ አንድ አሟሚ ብቻ የያዘ መሆኑ ብርቅ ነው። የተለመደው አሠራር የእያንዳንዱን አሟሚ መጠን ለየራሱ ገደብ አካፍሎ ድምሩ ከአንድ እንዳይበልጥ መጠበቅ ነው። ይህ ግን አሟሚዎቹ በሰውነት ውስጥ አንዱ የሌላውን ጉዳት እንደሚያባብስ ወይም እንደሚቀንስ አይቆጥርም። ሜቲል ኤቲል ኪቶን የተባለው አሟሚ የሄክሴንን የነርቭ ጉዳት ያባብሳል፤ ቶሉዊን በአንጻሩ የሄክሴንን ወደ መርዛማው ውህድ መለወጥ ያዘገያል፤ እርሱ ራሱ ግን የአንጎል መርዝ ነው።

ሦስተኛው የከፍታ ጉዳይ ነው። ፒፒኤምን በሜትር ኩብ ወደሚገኝ ሚሊግራም ለመቀየር በመማሪያ መጻሕፍት የሚሰጠው 24.45 የተባለ ቁጥር በባሕር ጠለል የአየር ግፊትና በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ይሠራል። በዚያ ሁኔታ 50 ፒፒኤም 176 ሚሊግራም ነው። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት 77 ኪሎፓስካል ገደማ ስለሆነ ተመሳሳዩ 50 ፒፒኤም 134 ሚሊግራም ያህል ብቻ ይሆናል። በአዲስ አበባ 150 ሚሊግራም የለካ ተመራማሪ ውጤቱን ከ176 ጋር ቢያስተያይ «ከገደብ በታች» ይላል፤ ወደ ፒፒኤም በትክክል ቢቀይረው ግን 56 ያገኛል። ስለሆነም የልኬቱ ግፊትና ሙቀት፣ እንዲሁም ንጽጽሩ በየትኛው መለኪያ እንደተደረገ መገለጽ ይኖርበታል።

6. ለአገራችን ጥናት የሚኖረው አንድምታ

የጃፓኑ ታሪክ የተፈጸመው በትልልቅ ፋብሪካዎች ሳይሆን፣ ቤትም የሥራ ቦታም በሆኑ ትንንሽ ክፍሎች ውስጥ ነው። መርካቶንና መሰል የጫማ ሥራ ሰፈሮችን የሚያውቅ አንባቢ ሁኔታውን ለማሰብ አይቸገርም፤ ክዳኑ የተከፈተ የማስቲሽ ቆርቆሮ፣ ብሩሽ፣ ጠባብ ክፍል፣ ጎን ለጎን የሚሠሩ ወጣቶች። ከላይ በተጠቀሰው አዋጅ አንቀጽ 92 አሠሪ የሠራተኞችን ደህንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ የመውሰድ ግዴታ አለበት። በራሱ ሥራ የሚተዳደረው ባለሙያ ግን አሠሪ የለውም፤ የአየር ናሙና የሚወስድለትም የለም።

በዚህ መስክ ጥናት ለሚያካሂድ ተማሪ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ማጣበቂያው ምን እንደያዘ ማወቅ፤ የቆርቆሮው ጽሑፍ ካልበቃ የተኑን ይዘት በጋዝ ክሮማቶግራፊ መለየት። ሁለተኛ፣ ናሙናውን በክፍሉ መካከል ሳይሆን በሠራተኛው መተንፈሻ አቅራቢያ፣ በአንገትጌው ላይ፣ በከሰል ቱቦ መውሰድ። ሦስተኛ፣ ፈሳሹ በቆዳም ስለሚገባ በሥራ ቀኑ መጨረሻ በሽንት ውስጥ ያለውን 2፣5-ሄክሴንዳዮን መለካት። አራተኛ፣ የነርቭ ፍጥነት ምርመራ ማድረግ ባይቻል እንኳ በእግር አውራ ጣት ላይ የንዝረት ስሜትን በመቆንጠጫ ቅርጽ ባለው የድምፅ ሹካ መመርመር። ጉዳት ከተጠረጠረም ሠራተኛው ወደ ሐኪም መላክ አለበት፤ ተጋላጭነቱ ከቆመ በኋላ ሕመሙ ሊባባስ እንደሚችልም አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፤ ያለዚያ ሥራውን መተዉ እንዳልጠቀመው አድርጎ ሊመለስ ይችላል።

መፍትሔ ሲታሰብም ቅደም ተከተል አለ። በውኃ ላይ የተመሠረተ ማጣበቂያ ወይም መርዛማውን ውህድ በቀላሉ የማይሰጡ አሟሚዎች የመጀመሪያው አማራጭ ናቸው። ቀጥሎ ተኑን ከምንጩ የሚስብ የአየር ማስወገጃ፣ ክዳን ያለው የማጣበቂያ መያዣ፣ የተጣበቀው ጫማ ከመሥሪያው ክፍል ውጭ የሚደርቅበት መደርደሪያ ይመጣሉ። የጨርቅ የአፍ መሸፈኛ ለአሟሚ ተን ምንም አይጠቅምም። ምትክ ሲመረጥ ግን የቤንዝን ተተኪ ምን እንዳስከተለ መዘንጋት አይገባም፤ አዲሱ ፈሳሽ «ከበፊቱ የተሻለ ነው» መባሉ ምርመራን አያስቀርም።

ማጠቃለያ

የኖርማል ሄክሴን ገደቦች ልዩነት የሚያሳየው ማስረጃ፣ ሕግና የምርት ፍላጎት በተለያየ ፍጥነት እንደሚጓዙ ነው። ስለዚህ ተመራማሪ ገደብን ሲጠቅስ ቢያንስ አምስት ነገሮችን አብሮ ሊያሳውቅ ይገባል፦ ገደቡን ያወጣው አካል፣ የወጣበት ዓመት፣ ሊከላከለው የታሰበው ጉዳት፣ የሚመለከተው የሥራ ሰዓት፣ አስገዳጅ ወይም ምክር መሆኑ። በሰንጠረዥ ውስጥ ሁለት ተጨማሪ ዓምዶች ቢጠይቅ ነው። ያለ እነዚህ መረጃዎች ግን «ከገደብ በታች» የሚለው መደምደሚያ፣ ጣቶቹ መደንዘዝ ለጀመሩ የጫማ ሠራተኛ ጤናማ ነህ ብሎ የተሳሳተ ማረጋገጫ ሊሰጥ ይችላል።